ስለ ጂም ሌረር እና ክርክርን ስለመምራት

ጂም ሌረር የሚለው ስም በእኛ አገር አንባቢ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። በአሜሪካ ግን ከ1988 እስከ 2012 በተካሄዱት ሰባት ተከታታይ የፕሬዚዳንት ምርጫዎች በእያንዳንዳቸው ላይ ቢያንስ አንድ የቴሌቪዥን ክርክር መርቷል። የመራቸው የፕሬዚዳንትና የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩዎች ክርክሮች ሲደመሩ 12 ይሆናሉ፤ በዚያ አገር ይህን ያህል ጊዜ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሌላ ጋዜጠኛ የለም። (የአሜሪካውን ታሪክ በጎርጎርዮሳውያን፣ የእኛን ደግሞ በራሳችን የዘመን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

እኔ በደብረ ማርቆስ የሥነ ዜጋ ትምህርት አስተምራለሁ፤ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ ደግሞ የተማሪዎችን የክርክር ክበብ አስተባብራለሁ። ተከራካሪ ተማሪ ማግኘት አስቸግሮኝ አያውቅም፤ አንደበቱ የሰላ ልጅ በጎጃም ሞልቷል። የሚቸግረኝ ክርክሩን የሚመራ ማግኘት ነው። ለመሪነት የተመረጠው ተማሪ ወይ ሰዓት ቆጣሪ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ደግሞ ሳያስበው ሦስተኛ ተከራካሪ ሆኖ ይገባበታል። የሌረርን የሥራ ዘመን በዝርዝር መከታተል የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ክርክርን መምራት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን፣ የሙያው ዋና ነገርም ተናጋሪውን በእውነት አዳምጦ ቀጣዩን ጥያቄ ከመልሱ ውስጥ ማውጣት መሆኑን ከእሱ በላይ ያሳየኝ ሰው የለም።

ሌረር በ1934 በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአውቶቡስ መናኸሪያ ኃላፊ፣ እናቱ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤተሰቡ በአንድ ወቅት የራሱን አነስተኛ የአውቶቡስ መስመር ከፍቶ ሳይሳካለት ቀርቷል። እሱም ተማሪ ሳለ በቴክሳስ ግዛት ቪክቶሪያ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ይቆርጥ፣ በድምፅ ማጉያ የአውቶቡሶቹን መነሻና መድረሻ ይጠራ ነበር። ካረጀ በኋላ እንኳ ያንን የከተሞች ስም ዝርዝር በቃሉ ይወጣው ነበር፤ ከአውቶቡስ ጋር የተያያዙ ቁሳቁሶችንም ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበስብ ኖሯል። ይህን ሳነብ ማልደው በመናኸሪያችን «ባሕር ዳር! ፍኖተ ሰላም! ቡሬ!» እያሉ የሚጣሩት ወጣቶች ትዝ አሉኝ። ሌረር በማይክሮፎን ፊት የተናገረው የመጀመሪያው ነገር መንገደኛ የሚፈልገው መረጃ ነበር፤ የሚጠራው ሰው ማንነት ለመንገደኛው ምኑም አይደለም። ሌረር በኋላ በቴሌቪዥን ላይ የነበረው ሁኔታም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

በ1956 ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመርቆ ሦስት ዓመት በአሜሪካ ማሪን ጦር ውስጥ አገለገለ፤ ከዚያም በዳላስ ከተማ በጋዜጣ ሪፖርተርነት ተቀጠረ። ኅዳር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዳላስ ሲገደሉ ሌረር ከምድብ ቦታው ከአውሮፕላን ማረፊያው ነበር። የሆነውን ነገር እሱ ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር በፕሬዚዳንቱ መኪና ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ተገጥሞ ነበር፤ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ክዳኑ በሰልፉ ጊዜ ይኖር እንደሆነ ጠይቆ እንዲነግራቸው ሌረርን አዘዘው፤ እሱም ከፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች አንዱን ጠየቀ። ጠባቂው በመሀል ከተማ ዝናቡ ማባራቱን በሬዲዮ አረጋግጦ ክዳኑ እንዲነሣ አደረገ። ክዳኑ ጥይት የሚመልስ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ያ ጥያቄ ባይጠየቅ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ሌረርን ለብዙ ዓመታት አልለቀቀውም። አንድ ተራ የዘገባ ጥያቄ በዓለም ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በ29 ዓመቱ የተማረ ጋዜጠኛ፣ ጥያቄን እንደ ጨዋታ የማይቆጥር ቢሆን አይደንቅም።

ከጋዜጣ ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረው በ1970 አካባቢ ነው፤ መጀመሪያ በዳላስ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሠራ፤ ቀጥሎ ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን እስከ 2025 ድረስ በከፊል ከፌዴራል መንግሥት በጀት፣ በከፊል ከተመልካች መዋጮና ከድርጅቶች ድጋፍ ሲተዳደር ቆይቷል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ይህን ጣቢያና በፖለቲካ ላይ የሚሠራቸውን ዝግጅቶች አይወዱም ነበር፤ በ1972 ምክር ቤቱ ያጸደቀውን የበጀት ሕግ አልፈርምም ብለው መልሰውታል። ታዲያ በዓመቱ፣ በግንቦት 1973፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የዎተርጌትን ጉዳይ፣ ማለትም የኒክሰን ሰዎች በተቃዋሚው ፓርቲ ቢሮ ያስፈጸሙትን ሰርጎ መግባትና ሽፍንፍኑን፣ በአደባባይ መመርመር ሲጀምር ያ በበጀት ሊታፈን የነበረ ጣቢያ የምስክሮቹን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ አስተላለፈ፤ ማታም ሰው ከሥራ ሲመለስ ሙሉውን ደገመው። አቅራቢዎቹ ሌረር እና ከካናዳ የመጣው ሮበርት ማክኒል ነበሩ። ትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎች ሥርጭቱን በየተራ ሲከፋፈሉት እነዚህ ሁለቱ ሰዎች ማታ ማታ ተቀምጠው ምስክሩ ማን እንደሆነ፣ ትናንት ከተባለው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ብቻ እየነገሩ ተመልካቹን ከሰነዱና ከቃሉ ጋር አገናኙት። የተመልካች ደብዳቤና መዋጮ ወደየጣቢያዎቹ ጎረፈ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ የሚገርማቸው፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ ጣቢያ የራሱን ፕሬዚዳንት ምርመራ ሳይቆርጥ ማሳየቱ ነው። እኔንም ይገርመኛል።

ከዚያ ሥራ የተወለደው የሁለቱ ዝግጅት በ1975 በማክኒል ስም ተጀመረ፤ በማግስቱ ዓመት የሌረርም ስም ተጨመረበት። ዝግጅቱ ግማሽ ሰዓት ነበር፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት የሚነሣው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ጣቢያዎች በዚያው ጊዜ ውስጥ የቀኑን ወሬ ሁሉ ሲጠቀልሉ እነሱ አንዱን ጉዳይ ይዘው የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም ሰው ያስቀምጡና ሳያቻኩሉ ይጠይቁ ነበር። በ1983 ወደ አንድ ሰዓት አደገ፤ በአሜሪካ አገር አቀፍ የምሽት ዜና አንድ ሰዓት ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌረር የልብ ሕመም ገጥሞት በቀዶ ሕክምና ዳነ፤ ካገገመ በኋላም ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ማክኒል በ1995 ሲሰናበት ሌረር ብቻውን ቀጠለ፤ ዕለታዊውን ዜና ማቅረብ የተወው በ2011 ነው። ዝግጅቱ ያንቀላፋል፣ አይማርክም የሚሉ ተቺዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበሩበት። እኔ በዚህ ትችት አልስማማም። መሬትን፣ ግብርን ወይም ጦርነትን የሚመለከት ጉዳይ ሰውን የሚማርከው ሕይወቱን የሚነካ መሆኑ ሲገባው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል።

ሌረር የሚመራባቸውን የሙያ ደንቦች ጽፎ ትቷል። ጥብቅና ልቆምለት የማልችለውን ነገር አልሠራም ይላል። ዘገባው ስለ እኔ ቢሆን ኖሮ እንዲደረግልኝ በምፈልገው ጥንቃቄ ልዘግብ ይላል። ለእያንዳንዱ ነገር ቢያንስ አንድ ሌላ ወገን እንዳለ ልቁጠር፤ ተመልካቹንም የእኔን ያህል ብልህ፣ አሳቢና ደግ ሰው አድርጌ ልውሰድ ይላል። ማንም ሰው ስሙን ሸሽጎ ሌላውን እንዲያጠቃ ሊፈቀድለት አይገባም ይላል። እኔ በመዝናኛ ሥራ ላይ አይደለሁም የሚለውም ከእነዚሁ ውስጥ ነው። ስም ስለመሸሸግ የተናገረው በተለይ ለእኛ ይሠራል። ዛሬ በጎጃም ስለ ጎረቤት ወረዳ የምንሰማው ነገር ብዙ ጊዜ ማን እንደተናገረው በማይታወቅ የቴሌግራም መልእክት የሚደርሰን ነው፤ ወሬው ሰውን ከሰው ሲያጣላ ባለቤቱ የለም። ተናጋሪው ስሙን አስይዞ እንዲናገር መጠየቅ በአካባቢያችን የሰው ሕይወት የሚያድን ጥንቃቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሥራው መካከል ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማሳያቸው ጥር 21 ቀን 1998 ከፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ ነው። ቀጠሮው አስቀድሞ የተያዘ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ በዋይት ሀውስ ተለማማጅ ከነበረችው ወጣት ከሞኒካ ሌዊንስኪ ጋር ግንኙነት ነበራቸው የሚለው ወሬ በጋዜጣ የወጣው ግን በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ሌረር ቃለ መጠይቁን በዚሁ ጉዳይ ጀመረ። ድምፁ አልተለወጠም፤ ፊቱም አልተቆጣም። ወጣቷ ውሸት እንድትናገር ጠይቀዋት እንደሆነ ጠየቀ፤ መልሱን ሰማ፤ ግንኙነት ነበራችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ክሊንተን ተገቢ ያልሆነ ግንኙነት «የለም» ብለው ሲመልሱ የሸሹትን ነገር ተከትሎ ጥያቄውን ጠበብ አድርጎ እንደገና አቀረበው፤ እሳቸውም ዳግመኛ «የለም» አሉ። ቀድሞ ስለነበረው ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ ሌረር ወደ ሌሎች የአገርና የውጭ ጉዳዮች አለፈ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ የተከራከረው ፕሬዚዳንቱ በሰጡት በዚያ መልስ ላይ ነው፤ በነሐሴ ወር ግንኙነቱ እንደነበረ አምነዋል። ጠያቂው «ዋሽተዋል» ብሎ ቢጮህ ኖሮ ስለ ጩኸቱ ይወራ ነበር። ጥያቄውን አጥብቦ በመድገሙ የቀረው የመላሹ ቃል ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ ክርክሮቹ ልምጣ። ሌረር በ1988 በአባት ቡሽና በዱካኪስ መካከል የተደረገውን የመጀመሪያውን ክርክር ሲመራ ዕጩዎቹን የሚጠይቁ ሌሎች ጋዜጠኞች አብረውት ነበሩ። እያደር ጥያቄው በአብዛኛው በአንድ መሪ እንዲቀርብ ሆነ፤ በ1996 ሁለቱንም የፕሬዚዳንት ክርክሮችና የምክትሎቹን፣ በ2000 ደግሞ የልጅ ቡሽንና የጎርን ሦስቱንም ክርክሮች ሌረር ብቻውን መራ። ጥያቄዎቹን መሪው ራሱ ያዘጋጃቸው ነበር፤ ዕጩዎቹም ሆኑ ክርክሩን ያዘጋጅ የነበረው ኮሚሽን አስቀድመው አያዩአቸውም ነበር። በ2008 በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ማኬይን እና ኦባማ ሲከራከሩ ሁለቱም ወደ ሌረር እያዩ ሲመልሱ፣ እሱ ለእኔ ሳይሆን እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ እያለ ደጋግሞ ገፋፋቸው። በቅጂው ላይ ይህን ክፍል ሳይ ሰውዬው ምን ሊሠራ እንደፈለገ ግልጽ ሆኖልኛል፤ ከመካከላቸው ሊወጣ ነበር የሚፈልገው።

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የአገራችን የሙግት ሥርዓት፣ በላ ልበልሃ በምንለው፣ ሁለት ባለጉዳዮች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «ዳኘን» ብለው ያቆሙት ነበር፤ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ፣ በተዋበ ቃል እየተጠያየቁ በፊቱ ይሟገታሉ። ዳኛው ብዙ አይናገርም፤ ተራ ያስጠብቃል፣ ነገር ሲድበሰበስ ያስመልሳል። አያቶቻችን ጥሩ ዳኛ የሚሉት ነገር ያልጠፋበትን፣ ሙግቱ ከመነሻው ሲወጣ መልሶ የሚያመጣውን ሰው ነበር። አዋቂ ጠያቂ ያለ አዋቂ አድማጭነት እንደማይገኝ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ የመንገዱ ዳኛ በመጨረሻ ፍርድ ይሰጣል፤ የቴሌቪዥኑ መሪ ግን ፍርዱን ለተመልካቹ ይተዋል።

በጎጃም የቴሌቪዥን ክርክር ኃይል ምን ያህል እንደሆነ የታየው በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ነው። ከግንቦት 7ቱ ድምፅ አሰጣጥ በፊት ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግ ከቅንጅት፣ ከኅብረትና ከሌሎች ተቃዋሚዎች ጋር በኢትዮጵያ ቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ሲከራከር በከተማው ሻይ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ቴሌቪዥን በሌለበት ገጠር ሬዲዮው አለ። የመሬት ጉዳይ ሲነሣ የሰው ፀጥታ የተለየ ነበር። በክልላችን በ1989 ዓ.ም. የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበርና፣ መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የገበሬው የግል ንብረት የሚለው ክርክር ለጎጃም ገበሬ የፖሊሲ ወግ አልነበረም፤ ስለ ማሳው፣ ስለ ልጆቹ ውርስ ነበር። ሚኒስትርና ተቃዋሚ እኩል ደቂቃ ተሰጥቷቸው ሲነጋገሩ ማየት ብቻውን ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ነበር።

የጎደለ ነገር ግን ነበር፤ እሱም መሪው ነው። የእኛ ክርክሮች፣ የ1997ቱም ሆኑ ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ በአመዛኙ ደቂቃ በማከፋፈል ላይ የቆሙ ናቸው። አንዱ ተናግሮ ደቂቃው ሲያልቅ ለሌላው ይሰጣል፤ ሌላው ያዘጋጀውን ያነባል፤ ቅድም የተጠየቀው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፤ መሪውም «ጥያቄው እኮ ይህ ነበር» አይልም። መሪዎቹን አልወቅስም፤ የተሰጣቸው ሥልጣን የሰዓት ብቻ ነበርና። ሆኖም የሰባት ደቂቃ ንግግር ከሌላ የሰባት ደቂቃ ንግግር ጎን ቢቀመጥ ሁለት ንግግር ነው፤ ክርክር የሚያደርገው በመካከሉ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ሌረርም የተተቸበት ጊዜ አለ። በጥቅምት 2012 በዴንቨር የተካሄደው የኦባማና የሮምኒ የመጀመሪያ ክርክር በስድስት ክፍል ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 15 ደቂቃ ተመድቦለት፣ ዕጩዎቹ በነፃነት እንዲነጋገሩ ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። ከ67 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። ሁለቱም ከሰዓታቸው እያለፉ ሲናገሩ ሌረር «ጊዜው አልቋል» ለማለት ይሞክርና ይተወዋል፤ በዚያው ምሽት መድረኩ ከእጁ ወጣ ተብሎ ተወቀሰ። እሱም የክርክሩ ዓላማ ዕጩዎቹ እርስ በርስ እንዲገናኙ መሆኑን፣ የእሱም ሥራ ከመንገዳቸው መውጣት መሆኑን ተናግሮ ተከላከለ። እኔ ክርክሩን ከተማሪዎቼ ጋር ሆኜ ስመለከተው በከፊል ከወቃሾቹ ጋር እስማማለሁ። ዝምታው ለተመልካቹ የጠቀመበት ቦታ አለ፤ በግብር ጉዳይ ላይ ሁለቱ ሰዎች ያለ አማላጅ ሲጋጠሙ የሐሳባቸው ልዩነት ከማንኛውም ንግግር በላይ ተለይቶ ታይቷል። ጥያቄዎቹ ግን «ልዩነታችሁ ምንድን ነው» በሚል ሰፊ መንገድ የቀረቡ ስለነበሩ ዕጩዎቹ የሚያመልጡበት በር ብዙ ነበር። የ1998ቱ ሌረር፣ መልስ ሰምቶ የሚያጠብበው ሌረር፣ በዚያ ምሽት ብዙም አልታየም። ከዚያ በኋላ ሌላ የፕሬዚዳንት ክርክር አልመራም፤ በጥር 2020 በ85 ዓመቱ በዋሽንግተን አረፈ።

በክበባችን እስከ ዛሬ ያልጨረስነው አንድ ክርክር አለ። ተከራካሪ ሐሰት ሲናገር መሪው ማረም አለበት ወይ? የሌረር አቋም፣ ሐሰቱን ማጋለጥ የተቃራኒው ተከራካሪ ሥራ ነው የሚል ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ መሪዎች ግን እዚያው መድረክ ላይ ማረም ጀምረዋል፤ በመስከረም 2024 በትራምፕና በካማላ ሃሪስ ክርክር ላይ ይህ ታይቷል፤ ብዙም አነጋግሯል። በእኛ ሁኔታ የሌረር አቋም ሙሉ በሙሉ ይሠራል ብዬ አላምንም። የእሱ ተከራካሪዎች ሁለቱም ሰነድ የሚያዘጋጅላቸው፣ ቁጥር የሚያጣራላቸው ብዙ ሠራተኛ ነበራቸው። እኛ ዘንድ መዝገቡም ቁጥሩም ያለው በመንግሥት እጅ ነው፤ ተቃዋሚው ሐሰት መሆኑን ቢጠረጥር እንኳ በእጁ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። በሁለት እኩል ባልታጠቁ ሰዎች መካከል ዝም የሚል መሪ ለታጠቀው ያደላል።

ስለዚህ በክበባችን አሁን የምንሠራበት መንገድ ይህ ነው። መሪው ተማሪ ከክርክሩ በፊት በጉዳዩ ላይ ያሉትን አዋጆችና የታተሙ ሪፖርቶች ይሰበስባል፤ ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቅጂ አስቀድሞ ይሰጣል። በክርክሩ ላይ አንዱ ከሰነዱ የሚጣረስ ነገር ሲናገር መሪው «ይህ ስሕተት ነው» አይልም፤ ገጹን ጠቅሶ ያነብና ለዚያው ለተናጋሪው «ይህንን ከተናገርከው ጋር እንዴት ታስታርቀዋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱን ከሰማ በኋላ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ከመልሱ አውጥቶ መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ይህን ሳያደርግ ወደ ሌላው ወገን እንዲያልፍ አንፈቅድለትም። በዚህ ወር የመረጡት ርእስ የገጠር መሬት ይዞታ ነው፤ የምትመራው ተማሪ የክልሉን የመሬት አዋጅ አንቀጽ በአንቀጽ እያነበበች ነው፤ እስካሁን ያዘጋጀቻቸው ጥያቄዎች ከተከራካሪዎቹ ንግግር ይልቅ አጫጭር ናቸው።